ሙት ሳንወቅስ፣ መዝገብም ሳንዘጋ



በአገራችን ሰው ሲሞት በለቅሶ ድንኳን የሚነገረው ደግ ደጉ ነው። “ሙት ወቃሽ አያድርገኝ” ብሎ የጀመረ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ቀሪውን ውጦ ዝም ይላል። ሐዘንተኛን የሚያጽናና ልማድ ስለሆነ እኛም አንነቅፈውም። ሟቹ የታሪክ ጸሐፊ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይከብዳል። የታሪክ ጸሐፊ የሚጽፈው የሌሎች ሰዎችን ኑሮና ሞት ነው። ስለ ጸሐፊው ደግ ደጉን ብቻ ተናግረን ካለፍን፣ ስለ እነዚያ ሰዎች የጻፈው እውነት ይሁን አይሁን ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው።

በዚህ እትም የምናነሣቸው ሰው አሜሪካዊው ጡረተኛ ብርጋዴር ጄኔራልና የጦር ታሪክ ጸሐፊ ሳሙኤል ማርሻል ናቸው። የመረጥናቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ውሎ ለውጭው ዓለም አንባቢ ካስተዋወቁት ጥቂት ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። ሁለተኛ፣ ከሞቱ በኋላ ወዳጆቻቸው የሚያስታውሱትና መዝገብ የሚናገረው አልገጠመም። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ በገቢና ወጪ መዝገብ ላይ የምንውል ሴቶችን በደንብ ይመለከተናል። በጽሑፋችን እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ሰውየው ማን ነበሩ?

ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1900 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለዱ። በወጣትነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር በቴክሳስ ግዛት በኤል ፓሶ ከተማ ኖሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ምድር በመሐንዲስ ክፍል አገለገሉ። ከዚያ ጋዜጠኛ ሆኑና በዲትሮይት ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት ጻፉ። የሙሉ ስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ “ስላም” የሚል ድምፅ ስለሚሰጡ ወዳጆቻቸው በዚህ ስም ይጠሯቸው ነበር። ለእኛ ጆሮ “ሰላም” ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ ግን በኃይል መምታትን ወይም በርን አላግቶ መዝጋትን ያመለክታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጦርነትን ለጻፉ ሰው የሚስማማ ቅጽል ስም ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር የውጊያ ታሪክ እንዲጽፉ መደባቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ በፓስፊክ ውቅያኖስ ማኪን በምትባል ደሴት ላይ ከባድ የሌሊት ውጊያ ሆነ። ሲነጋ ውጊያው እንዴት እንደሄደ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ጠፋ። መኮንኑ አንድ ይላል፣ ወታደሩ ሌላ ይላል። ማርሻል ከውጊያው የተረፉትን በአንድ ላይ ሰበሰቡ፤ ማዕረግን ወደ ጎን አስቀምጠው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይጠይቁ ጀመር። አንዱ ሲናገር ሌላው በዚያው ፊት ለፊት ያርመዋል። ተራው ወታደር አዛዡን ማረም ይችላል። የአንድ ሌሊት ውጊያ ተጠይቆ እስኪያልቅ ቀናት ወሰደ፤ ሲያልቅ ግን የሁሉም ቃል አንድ ላይ ተጋጥሞ የሌሊቱ መልክ ወጣ።

ይህ ዘዴ ዝናቸውን ሠራው። በኋላ በአውሮፓ ግንባር የአሜሪካ ጦር ዋና የታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። ስለ ባስቶኝ ከበባ፣ ስለ ኖርማንዲ የፓራሹት ወታደሮች፣ ስለ ኮሪያና ስለ ቬትናም መጻሕፍት አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1951 በተጠባባቂው ጦር የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ጡረታ ወጡ፤ በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. በኤል ፓሶ ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን መጽሐፍ አዘጋጅተው ለኅትመት ያበቁት ባለቤታቸው ኬት ማርሻል ናቸው። መጽሐፉ የወጣው ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሴት ወገኖቻችን እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ከስማቸው ይልቅ ድካማቸው ስለሚታይ፣ ይህን ሳንጠቅስ አላለፍንም።

ከቃኘው ጋር የተገናኙበት

ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ስትወረር የዓለም መንግሥታት ማኅበር እንዳልደረሰላት ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ኮሪያ ስትወረር የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ሲያቀርብ ንጉሠ ነገሥቱ ጦር የላኩት ይህን በማሰብ ነው። ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው ሻለቃ “ቃኘው” ተባለ፤ ስሙ የተወሰደው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ዕርገቱ አዛዥነት ከጅቡቲ በመርከብ ተጉዞ ፑሳን ወደብ ደረሰ። በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ ተዋጋ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሻለቃ እየተተኩ ቀጠሉ፤ የተኩስ ማቆም ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስም ግንባሩን አልለቀቁም።

ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1953 ጸደይ ኮሪያ ነበሩ። የሰባተኛውን ክፍለ ጦር ወታደሮች በዚያው ዘዴያቸው ሲጠይቁ ኢትዮጵያውያኑንም በአስተርጓሚ ጠየቁ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ቃኘው ዮክና አንክል በሚባሉ የፊት ምሽጎች አካባቢ ሌሊት ሌሊት ከቻይና ወታደሮች ጋር ይተናነቅ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጡት “ፖርክ ቾፕ ሂል” በተባለ መጽሐፋቸው የእነዚህን ቅኝት ጦሮች ውሎ በዝርዝር ጻፉ። ኢትዮጵያውያኑ የተማረከ ወታደር እንደሌላቸው፣ የወደቀ ጓዳቸውንም ሜዳ ላይ ጥለው እንደማይመለሱ መሰከሩ። በመኮንኑና በወታደሩ መካከል የነበረውን መተሳሰብ አደነቁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1959 ግሪጎሪ ፔክ የሚሠራበት ፊልም ወጣለት። ፊልሙ የተከተለው የአንድ የአሜሪካ ሻምበልን ውጊያ ስለሆነ የእኛ ልጆች ታሪክ በመጽሐፉ ውስጥ ብቻ ቀረ።

ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር ያደጉ አባሎቻችን አባቶቻቸውን ወይም አያቶቻቸውን ያውቃሉ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ እነዚህ ዘማቾች ውሏቸውን በይፋ ለማውራት ተቸገሩ። ብዙዎቹም ለልጆቻቸው ሳይተርኩ ዐረፉ። ስለዚህ የውጭ ሰው የጻፈው ገጽ ለአንዳንድ ቤተሰብ የቀረ ብቸኛ ገጽ ሊሆን ይችላል። ገጹ የተጻፈበትን እጅ ማመን አለማመን የቤተሰብ ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ደረሰኝ የሌለው ቁጥር

ማርሻልን ከሁሉ በላይ ያሳወቃቸው አንድ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት “ሜን አጌንስት ፋየር” በተባለ መጽሐፍ፣ በውጊያ መካከል መሣሪያውን በጠላት ላይ የሚተኩሰው እግረኛ ወታደር ከመቶው ከ15 እስከ 25 ብቻ ነው አሉ። ሌላው ቦታውን አይለቅም፣ አይሸሽም፣ ግን አይተኩስም። ሰው ሰውን ለመግደል በተፈጥሮው ይከብደዋል የሚል ሐሳብ ነው። ቁጥሩ በወታደራዊ ትምህርት ቤቶች ተሰማ፣ በመጻሕፍት ተደጋገመ፣ የወታደር ሥልጠና እንዲለወጥ ለሚከራከሩ ሰዎችም ማስረጃ ሆነ።

ከሞቱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ሮጀር ስፒለር የተባሉ የታሪክ ምሁር የቁጥሩን ምንጭ ፈለጉ። የማርሻልን የመስክ ማስታወሻ ደብተሮች አገላበጡ። ስንት ሰው ተኮሰ፣ ስንቱ አልተኮሰም የሚል ድምር አላገኙም። ማርሻል ስለ ጠየቋቸው ሻምበሎች ብዛትም በተለያየ ጊዜ የተለያየ ቁጥር እንደተናገሩ አሳዩ። በአውሮፓ ረዳታቸው የነበሩት ጆን ዌስትኦቨር፣ ማርሻል በቃለ መጠይቅ ላይ “ተኩሰሃል ወይ?” የሚል ጥያቄ ሲያነሡ እንደማያስታውሱ ተናገሩ። ዌስትኦቨር ጠላት አልነበሩም፤ አብረው የሠሩ፣ አብረው የተጓዙ ሰው ናቸው።

ሌላም ወጣ። ማርሻል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና በወጣትነታቸው መኮንን ሆነው እግረኛ ወታደር በውጊያ እንደመሩ ይተርኩ ነበር። የአገልግሎት መዝገባቸው ግን መኮንን የሆኑት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 መሆኑን ያሳያል። በቬትናም አብረዋቸው የተጓዙትና አንድ የውጊያ መመሪያ አብረው ያዘጋጁት ኮሎኔል ዴቪድ ሃክዎርዝም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት መጽሐፍ ክፉኛ ነቀፏቸው።

እኛ የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር እናውቀዋለን። በሌጀሩ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩም ከዓመት ዓመት ይተላለፋል፤ ሁሉም የለመደው ስለሆነ የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን ኦዲተር መጥቶ “ደረሰኙን አሳዩኝ” ይላል። ደረሰኝ ከሌለ ቁጥሩ የግድ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ወጪው በእርግጥ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሪፖርት ላይ እንደ ተረጋገጠ ሒሳብ ሊቀመጥ አይችልም። የማርሻልም ቁጥር እንዲሁ ነው። ብዙ ወታደር እንደማይተኩስ በዓይናቸው አይተው፣ ከልምዳቸው ገምተው ይሆናል። ግምትን ግን በመቶኛ ሲጽፉት ሰው የተቆጠረ ይመስለዋል።

ወዳጆች ምን አሉ?

የማርሻል ወዳጆች በሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ስድብ መስሎ ተሰማቸው፤ ከጥይት መካከል ገብቶ የወታደሩን ድምፅ የሰማ ሰው በወረቀት ብቻ አይለካም አሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንደ ዌስትኦቨር የሚያስታውሱትን ሳይጨምሩ ተናገሩ። በእኛ አስተያየት ለሟቹ ትልቁን ውለታ የዋሉት እነዚህኞቹ ናቸው።

ከሁሉ የሚነካን ግን የልጅ ልጃቸው ታሪክ ነው። ጆን ዳግላስ ማርሻል በቬትናም ጦርነት ዘመን የጦር መኮንን ነበር። ጦርነቱን ኅሊናው ስላልተቀበለው ከጦሩ እንዲሰናበት ጠየቀና ተፈቀደለት። አያቱ በደብዳቤ ከዘር ቆጠራቸው አወጡት፤ ከዚያ ወዲያ ሳይታረቁ ዐረፉ። ዓመታት አልፈው አያቱ በጋዜጣ ሲወቀሱ፣ በዚያን ጊዜ ጋዜጠኛ የነበረው የልጅ ልጅ መኪናውን አስነሥቶ አሜሪካን ዞረ። የአያቱን ወዳጆችና ነቃፊዎች በየቤታቸው ጠየቀ፤ ወረቀቶችን አገላበጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው መጽሐፍ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ “የእርቅ መንገድ” ማለት ነው። ከጉዞው አያቱን ጻድቅ አድርጎ አልተመለሰም፤ አታላይ ብሎም አልጣላቸውም።

ልብ በሉ፤ የካዱት አያት ናቸው፤ የተካደው ልጅ ሊከራከርላቸውም ሊፈርድባቸውም በቂ ምክንያት ነበረው። እሱ ግን መጀመሪያ ሊጠይቅ ሄደ። በሒሳብ ቋንቋ የባንክ ሒሳብን ከመዝገብ ጋር ማመሳከርን “ማስታረቅ” እንለዋለን። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የማይገጥመውን መፈለግ ነው። ልዩነት ሲገኝ አንዱን ወረቀት ቀድደን አንጥልም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እንጽፋለን። ያ ሰው በገዛ ቤተሰቡ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የቃኘውን ገጽ ስናስታርቅ

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። በአንድ ቁጥር ያልታመኑ ሰው ስለ ቃኘው የጻፉትን እንመን ወይስ አንመን? መልሱ በአንድ ቃል የሚሰጥ አይደለም፤ መስመር በመስመር መታየት አለበት።

“የተማረከ ወታደር አልነበራቸውም” የሚለውን እንውሰድ። ለዚህ ከማርሻል ውጭ ሌላ ማስረጃ አለ። ተኩስ ካቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 የምርኮኞች ልውውጥ ሲደረግ የእንግሊዝ፣ የቱርክ፣ የፊሊፒንስ፣ የኮሎምቢያ፣ የሌሎችም አገሮች ወታደሮች ተመልሰዋል፤ ከተመለሱት መካከል ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሁለት የማይተዋወቁ ወረቀቶች አንድ ነገር ሲናገሩ ሒሳቡ ታረቀ ማለት ነው። ይህን መስመር ያለ ስጋት ለልጆቻችን ልንነግር እንችላለን።

የቅኝት ጦሮቹ የውጊያ ዝርዝር ደግሞ በማርሻል ጠንካራ ጎን የተሠራ ነው፤ የተረፉትን ወዲያውኑ በቦታው ጠይቀዋል። በአስተርጓሚ መሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል። አማርኛ ተናጋሪው ያለው፣ አስተርጓሚው የተረዳው፣ ጸሐፊው የጻፈው አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከዘማቾቹ የራሳቸው ቃል ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

ቁጥሮቻችንም ቢሆኑ መታረቅ የሚፈልጉ ናቸው። በጦርነቱ የተሳተፉ ኢትዮጵያውያን 3,518 ናቸው የሚል በብዛት ይጻፋል፤ ከ6,000 በላይ የሚልም አለ። ከተኩስ ማቆሙ በኋላ እየተተኩ የሄዱት ይቆጠሩ አይቆጠሩ ድምሩን ይለውጠዋል። የቆሰሉት 536 ይባላሉ። የሞቱት በአንዱ ጽሑፍ 121፣ በሌላው 122 ናቸው። በትልቅ ሪፖርት ላይ የአንድ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። እዚህ ግን ያ አንድ ሰው ነው፤ እናት ነበረችው፣ ምናልባት ሚስትና ልጅ ነበሩት።

ከዚህ ምን እንውሰድ?

የማርሻል ቁጥር ቢወድቅም ዘዴያቸው አልወደቀም። ሰዎችን በአንድ ላይ አስቀምጦ፣ ማዕረግ ሳይለይ፣ በቅደም ተከተል መጠየቅ ለማንኛዋም እኅታችን የሚቻል ሥራ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና ከቡና ጋር የሚያልፍ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ነገር ግን እሳቸው የጠየቁት በውጊያው የነበረውን ብቻ ነው። ቤት የቀረችው አልተጠየቀችም። ባሏ ኮሪያ በነበረ ጊዜ ቤቱን በምን እንዳስተዳደረች፣ ደመወዙን ከማን እጅ እንደተቀበለች፣ መርዶው በማን እንደመጣላት፣ ከቁስል የተመለሰውን ሰው እንዴት እንዳስታመመች የሚናገር መዝገብ የላትም። ያንን የሚሞላው የእኛ ማኅበር ዓይነት ስብስብ ነው።

ለዚህ ሥራ አራት ነገር እንድንይዝ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ አንዲት እናት ብቻዋን ከምትጠየቅ ጎረቤቷና እኅቷ ባሉበት ትጠየቅ። አንዷ የረሳችውን ሌላዋ ታነሣለች።

ሁለተኛ፣ በዓይን የታየው፣ ከሌላ የተሰማውና የተገመተው ለየብቻው ይጻፍ። “ብዙ ነበሩ” ያለችን እናት ቃል “ብዙ ነበሩ” ተብሎ ይቀመጥ፤ እኛ በራሳችን ቁጥር አናልብሰው።

ሦስተኛ፣ በቤት ያለ ወረቀት ሁሉ፣ የሜዳይ የምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ከኮሪያ የተላከ ፎቶግራፍ፣ ፎቶ ይነሣና ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ። ፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ሰው ሳያልፍ ከጀርባው ይጻፍ።

አራተኛ፣ የማይስማማ ቃል ከተገኘ አይሰረዝ። ሁለቱም ቃል ከተናጋሪው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ያስታርቀዋል።

በአፍንጮ በር የቆመውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ያያችሁ አባላት፣ በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማም እንዲሁ ለቃኘው የቆመ ሐውልት እንዳለ ታውቃላችሁ። በዶንግዱቾን ወታደሮቻችን ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት መጠለያ ከፍተው ከራሳቸው ስንቅና ደመወዝ እያካፈሉ አሳድገዋቸዋል። ኮሪያውያን ይህን አልረሱም። ሐውልት የሚሠራው መንግሥት ነው። ማን ምን እንዳደረገ፣ ቤት የቀረችውም ምን እንደተሸከመች የሚጽፈው ግን ቤተሰብና ጎረቤት ነው።

ደጋፊዎቻችን በየዓመቱ ሪፖርታችንን ሲያነቡ ከእያንዳንዱ ብር ጀርባ ደረሰኝ እንዲኖር ይጠብቃሉ፤ መጠበቃቸውም ተገቢ ነው። እኛም ለሙታን ታሪክ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ብናደርግ ሙት ወቃሽ አንባልም። ዌስትኦቨር አለቃቸውን፣ የልጅ ልጁም አያቱን ያከበሩት እውነቱን ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ በመናገር ነው። የቃኘው ዘማቾችም ሆኑ ሚስቶቻቸው በሕይወት የቀሩት ጥቂት ናቸው። በ121 እና በ122 መካከል የጠፋው ሰው ማን እንደሆነ የምታውቅ አንዲት አሮጊት ምናልባት በእኛው ሰፈር ትኖር ይሆናል። ሄደን እንጠይቃት።